ማጠናከሪያው ልጁ ከደረሰበት ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰኔ በገባ ቁጥር በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች የብሎኩ ግድግዳ ሁሉ ማስታወቂያ ይለብሳል። «የክረምት ማጠናከሪያ ምዝገባ ጀምረናል፤ ከኬጂ እስከ 12ኛ፤ የመጪውን ዓመት ትምህርት ቀድመን እናስጨርሳለን።» ወላጅ ይህን አይቶ ቢከፍል አይፈረድበትም። በጨለማ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም፣ በጨለማ የሚገባ ሰው ልጁ ሁለት ወር ሙሉ በር ተዘግቶበት ከሚውል የትም ቢማርለት ይመርጣል። እኛ በዚሁ አካባቢ የምናስተምር መምህራን ቅር ያለን በማስታወቂያው የመጨረሻ ሐረግ ነው። አራተኛን ጨርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ የአምስተኛን ሳይንስ በሐምሌ ቢጀምር፣ በሐምሌ ያልገባው ነገር በመስከረም ዳግመኛ ሳይገባው ይነገረዋል፤ ትርፉ ይኸው ነው። ክረምቱ መዋል ያለበት ልጁ ከቆመበት ተነሥቶ እንዲማር ነው። ይህን የምንለው ከራሳችን አመንጭተን አይደለም። በትምህርት ጥናት ውስጥ የዚህን ያህል ደጋግሞ ተፈትኖ የጸና ነገር ብዙ የለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው ክብደትና ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። አዲስ አበባ ከክልሎቹ የተሻለች ብትሆንም ከችግሩ ነፃ አልነበረችም። የ2014ቱ ተፈታኞች ከእነዚያ ልጆች ሁለት ክፍል ብቻ ወደ ኋላ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ መንሥኤው መፈለግ ያለበት 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። በህንድ ፕራትሃም የተባለ ድርጅት በቫዶዳራና በሙምባይ ከተሞች አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ የሠፈር ወጣት ሴቶች ከ3ኛና ከ4ኛ ክፍል ወደ ኋላ የቀሩትን 15 እስከ 20 ልጆች በቀን ለሁለት ሰዓት ከክፍል እያወጡ መሠረታዊ ንባብና ሒሳብ አስተማሩ። በዕጣ ከተለዩ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ በሁለተኛው ዓመት 0.28 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፍ አለ። በሰው ቋንቋ፣ ከ100 ልጆች መሃል ላይ 50ኛ የነበረው ወደ 39ኛ ገደማ ወጣ ማለት ነው። በይበልጥ የተጠቀሙትም ከታች የነበሩት ናቸው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 በኡታር ፕራዴሽ ይኸው ሐሳብ በዘመቻ መልክ ቀረበ፤ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ክፍላቸው ቀርቶ በደረሱበት ተመድበው፣ በዙር በዙር ተከፋፍሎ በድምሩ ለ40 ቀን ያህል ተማሩ። ውጤቱ ወደ 0.7 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚጠጋ ነበር። 50ኛ የነበረው ልጅ ወደ 24ኛ ገደማ ይወጣል። በትምህርት ጥናት እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይታይም። እነዚህን ጥናቶች ከመሩት መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከማይክል ክሬመር ጋር እ.ኤ.አ. የ2019ን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ህንድ ሩቅ ነው የሚል ካለ ኬንያ አለችለት። በ121 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለ1ኛ ክፍል አንድ ተጨማሪ መምህር ተቀጠረ። ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፣ ግማሾቹ በመነሻ ውጤታቸው። ከ18 ወር በኋላ በመነሻ ውጤት የከፈሉት በልጠው ተገኙ፤ የበለጡትም በጎበዞቹ ክፍል ብቻ ሳይሆን በደካሞቹም ክፍል ነው። መምህሩ አንድ ዓይነት ልጆች ፊቱ ሲቀመጡ ትምህርቱን ለእነሱ ይመጥናል። 60 እና 70 ልጅ የተቀላቀለበት ክፍል ውስጥ ግን መምህር ከፊት ላሉት አምስትና ስድስት ልጆች ነው የሚያስተምረው። ይህን የማያውቅ መምህር የለም፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ነው ያነሰው።

ልጁ የት እንደደረሰ ለማወቅ ካርዱን አይመልከቱ። ካርዱ የሚነግርዎት ከክፍሉ ልጆች ስንተኛ እንደሆነ እንጂ ማንበብ መቻሉን አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ አራት ክፍል አለው። አንደኛው ከተራው የወጡ ፊደላት ናቸው፦ ሙ፣ ድ፣ ቸ፣ ኪ፣ ሮ። ከተራው የወጡ መሆናቸው የግድ ነው። ብዙ ልጅ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፤ «ኪ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ግን ከ«ከ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ይደርስባታል። ያ ልጅ ዜማውን ያውቃል፣ ፊደሉን ገና አልለየም። ሁለተኛው አጫጭር ቃላት፦ ላም፣ ውሃ፣ እጅ፣ በግ፣ ቤት። በሁለቱም ከአምስቱ አራቱን በትክክል ያለ አልፏል። ሦስተኛው የአራት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ነው፦ «ጫልቱ ድመት አላት። የድመቷ ስም ቡሬ ነው። ቡሬ ወተት ትወዳለች። ማታ ማታ ከጫልቱ ጋር ትተኛለች።» አራተኛው ስምንት ወይም አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው የ2ኛ ክፍል ታሪክ።

ምዘናው የሚጀመረው ከአንቀጹ ነው። ልጁ ሳይንጠባጠብ፣ ከሦስት ስሕተት በላይ ሳይሠራ ካነበበው ወደ ታሪኩ ይለፍ፤ ካቃተው ወደ ቃላቱ፣ ያም ካቃተው ወደ ፊደላቱ ይውረድ። ልጁ ለብቻው ይመዘን። ሌላ ልጅ ከሰማው የሚቀጥለው አንቀጹን በቃሉ ይወጣዋል። ስለዚህ አራት የተለያዩ ሉሆች ያዘጋጁ። ታሪኩን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት፤ አንዱ መልሱ በቀጥታ የተጻፈ፣ ሌላው «ለምን ይመስልሃል?» የሚያሰኝ። በአማርኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አይታይም፤ «ልጁ ኳሱን ይመታል» እና «ኳሱ ይመታል» ላይ «ይመታል»ን በትክክል የሚያጠብቅና የሚያላላ የገባው ልጅ ብቻ ነው። በአፋን ኦሮሞ ለሚማር ልጅ ሉሁ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ በማያውቀው ቋንቋ መዝኖ ሰነፍ ማለት ተገቢ አይደለም።

ለሒሳብም እንዲሁ አራት ደረጃ፦ ከ1 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችን ማንበብ፣ ከ10 እስከ 99 ያሉትን ማንበብ፣ ባለሁለት አሃዝ መቀነስ ከመበደር ጋር፣ ባለሦስት አሃዝን ለአንድ አሃዝ ማካፈል። እዚህ ላይ የተሳሳተው መልስ ከትክክለኛው የበለጠ ይናገራል። 52 ሲቀነስ 27ን 35 ያለ ልጅ መቀነስ አልጠፋበትም። ከ5 ላይ 2፣ ከ7 ላይ ደግሞ 2 ቀንሷል፤ ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን ማንሣት ነው የያዘው፣ የመበደር ትርጉም አልደረሰውም። 824ን ለ8 አካፍሎ 13 ያለው ደግሞ 8 በ2 ውስጥ እንደማይገኝ አይቶ ዜሮዋን ሳይጽፍ አልፏል። የመጀመሪያው ልጅ አሥር አሥር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ የክብሪት እንጨቶች ያስፈልጉታል፦ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ይዞ ሰባት ሊሰጥ ሲል አንዱን እስር ይፈታል። ሁለት ሦስት ቀን እንጨቱን ከፈታ በኋላ ወረቀት ላይ ሲበደር ለምን እንደሚበደር ያውቃል። ሁለተኛው ልጅ እንጨት አያስፈልገውም፤ የቦታ ዋጋ ሠንጠረዥ ይበቃዋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወርክሺት አባዝቶ መስጠት ለሁለቱም አለመስጠት ነው።

ከምዘናው በኋላ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉት በሦስት ቡድን ይመደቡ፤ ፊደል ላይ ያሉ፣ ቃል ላይ ያሉ፣ አንቀጽና ከዚያ በላይ ያሉ። የሒሳቡ ምደባ ለብቻው ይሁን፤ በንባብ ታች ያለ ልጅ በሒሳብ ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ቡድን ከ20 ባይበልጥ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ቅዳሜና እሑድ ሲወጡ ከ40 በላይ የትምህርት ቀን አላቸው፤ ለአራት የአሥር ቀን ዙር ይበቃል። በየዙሩ መጨረሻ ሁሉም እንደገና ይመዘናል፣ ያለፈ ወደ ላይ ይሄዳል። በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታና ቡሄ ሲገናኙ፣ ልጅ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ አንዱ ዙር እዚያ ላይ እንዲያልቅ ቀድሞ ማስላት ይቻላል።

በቀን ለንባብ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለሒሳብ አንድ ሰዓት በቂ ነው። የንባቡ ሰዓት በአሥር ደቂቃ ወሬ ይጀመር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙልሙል፣ ስለ ጅራፍ፤ ልጁ ሐሳቡን በአፉ ካልገለጸ በጽሑፍ አያገኘውም። ቀጥሎ አስተማሪው አንድ አጭር ጽሑፍ ጣቱን ከቃል ቃል እያስኬደ በተለመደ የንግግር ፍጥነት ያንብብ። ልጆቹ አብረው፣ ከዚያ አራት አራት ሆነው፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያንብቡ። ፊደል ላይ ያሉት በገበታው ላይ ይጫወቱ፤ አስተማሪው «ሙ» ሲል ልጁ ሮጦ ይነካል፣ ወይም «በ»ን ከሰባቱ ድምፆች ጋር እያገናኘ ቃል ይፈልጋል። መጨረሻ 20 ደቂቃ ጽሑፍ፦ ያነበቡትን ራሳቸው በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከሰሌዳ መገልበጥ አይቆጠርም። እያንዳንዱ ልጅ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ ካላነበበ ያ ቀን ለእሱ አልነበረም።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ፦ አስተማሪው ወደ መጽሐፉ ሲመለስ። በህንዷ የቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት መምህራን በክረምት ካምፕ ይህን ዘዴ ተጠቅመው ልጆቹን አሻሻሉ። እነዚሁ መምህራን ሥልጠናውንና መርጃውን ይዘው በመደበኛው ዓመት ሲሠሩ ግን ለውጥ አልታየም፤ በዓመቱ ውስጥ የሚጠየቁት መጽሐፉን ስለመጨረስ ነበርና። በሃሪያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 ልዩ ሰዓት ሲመደብ፣ ልጆቹ ለዚያ ሰዓት ከክፍላቸው ወጥተው በደረሱበት ሲቀመጡና ተቆጣጣሪ እየመጣ ሲያይ ንባቡ ተሻሻለ። መምህሩ አንድ ነው፣ ልጁም አንድ ነው፤ የተለየው ሰዓቱና ከመምህሩ የሚጠበቀው ነገር ነው። ማጠናከሪያ ክረምት ላይ እንዲሆን የምንወተውተውም ለዚህ ነው፤ በክረምት መጽሐፍ ጨርስ የሚል የለም። ቀድመን እናስጨርሳለን ብለን እኛው ካላመጣነው በቀር።

ሌላው ስሕተት ስም ማውጣት ነው። «የሰነፎች ቡድን» የተባለ ክፍል ውስጥ ልጅ አይማርም። ወላጅም ይቀየማል፣ ልጁን ያስቀራል። ቡድኖቹ በቀለም ይጠሩ፣ በየአሥር ቀኑም ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ይታይ። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ከቆመ ማጠናከሪያ መሆኑ ቀርቶ ልጅን መፈረጅ ይሆናል። ሦስተኛው ስሕተት ጎበዙን አስተማሪ ለላይኛው ቡድን መስጠት ነው። ፊደል ያልለየ የ5ኛ ክፍል ልጅ ነው በጣም ጎበዝ አስተማሪ የሚፈልገው፤ የ12 ዓመት ልጅን ሳያሳፍሩ «ላም» ማስነበብ የራሱ ጥበብ አለው።

ከ6ኛ ክፍል በላይ ላሉ፣ ንባቡን ለያዙ ልጆች፣ ነገሩ የጥናት ስልት ነው። አብዛኛው ልጅ የሚያጠናው ደብተሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ በመሸምደድ፣ ወይም በቢጫ ማርከር እያሰመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አጠና። ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አራት ጊዜ ያጠኑት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ያጠኑት 40፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ሽምደዳ የሚያታልለው በዚህ ነው፤ ማታ የገባ ይመስላል። ስለዚህ አሠራሩ ይህ ይሁን፦ ልጁ አንድ ርእስ ለ15 ደቂቃ ያንብብ፣ ደብተሩን ይዝጋ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጻፍ፣ ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙላ። ያንኑ ርእስ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ እንደገና ይጻፍ፤ ማንበብ ሳይሆን መጻፍ። በሒሳብ ደግሞ አሥር የአንድ ዓይነት ጥያቄ ተከታትሎ ከመሥራት ካለፈው ሳምንትና ካለፈው ወር የተቀላቀሉ አሥር ጥያቄዎች ይሻላሉ፤ ፈተና ላይ የሚቸግረው የትኛው ስልት እንደሚያስፈልግ መለየት ነውና። ልጁ ሥራው ከብዶት ያማርራል። መክበዱ የስልቱ ጉድለት አይደለም።

ስለ ማረም ትንሽ እንበል፤ እዚህ ላይ እኛ መምህራን ራሳችን እንነካለን። ራይትና ኤክስ አድርጎ ከአሥር ሰባት መጻፍ ሥራ የቀነሰ ይመስላል። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ተሻሻሉ፤ ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም፤ ቁጥርና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸውም እንደዚሁ። ቁጥሩ ሲታይ አስተያየቱ አይነበብም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የሰበሰቡት ሰፊ ማስረጃ ደግሞ ከተጠኑት ግብረ መልሶች ከሦስት አንዱ የሚበልጠው ውጤትን እንደቀነሰ ያሳያል፤ በተለይ ሥራውን ትቶ ወደ ልጁ ማንነት ያተኮረው። ቅድም 824ን ለ8 አካፍሎ 13 ባለው ልጅ መልስ ጎን ኤክስ ከማድረግ «8 በ2 ውስጥ ስንት ጊዜ አለ? እሱን የት ጻፍክ?» ብሎ መጻፍ አሥር ሰከንድ ይፈጃል። 65 ደብተር ላይ አይቻልም የሚለን ካለ እውነቱን ነው። በአንድ ቀን 65 ሳይሆን 13 ደብተር ቢታረም በሳምንት ሁሉም ይደርሳል፤ በሌሎቹ ቀናት ልጆቹ መልሱን ከሰሌዳ እያዩ ራሳቸው ያርሙ።

ገንዘብ የት አይውጣ? ታብሌትና ላፕቶፕ ለብቻው፦ ፔሩ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለልጆች ላፕቶፕ አድላ በሒሳብም በቋንቋም የተለካ ለውጥ አልመጣም። መጽሐፍ ለብቻው፦ በኬንያ የተሰጠው መማሪያ መጽሐፍ ውጤት የጨመረው አስቀድመው ጎበዝ ለነበሩት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለብዙዎቹ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋቸው። በእንግሊዝኛ ብቻ እናስተምራለን ለሚሉ የሠፈራችን ማእከላት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ክፍል ማሳነስ ለብቻው፦ በዚያው በኬንያ ጥናት የአንድ ክፍል ልጅ ከ82 ወደ 44 ሲወርድ በነባሩ መምህር ሥር የቀሩት ልጆች እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳዩም፤ አስተማሪው የሚያስተምርበት መንገድ አልተለወጠማ። ክፍል ማስደገም በአብዛኛው ጥናት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። የከተማው ምገባ ልጁን ትምህርት ቤት ያመጣዋል፣ ከራብ ይገላግለዋል፤ ማንበብ ማስተማር ግን የእኛ ድርሻ ነው። መነጽርም አይረሳ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ዓይኑ ይታይ፤ በቻይና ገጠር ነፃ መነጽር ማደል ብቻውን የሒሳብ ውጤት ከፍ አድርጓል።

ጊዜ የለኝም ለሚል ወላጅ የሚሆን አንድ ነገር ከቦትስዋና አለ። በኮሮና ወቅት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ለአንዳንድ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ተላከ፤ ለሌሎቹ ኤስኤምኤሱና 20 ደቂቃ የሚሆን የስልክ ጥሪ። መልእክት ብቻ የተላከላቸው ምንም ያህል አልተሻሻሉም፤ የተደወለላቸው ግን ተሻሻሉ። አስተማሪው ይደውላል፣ ስልኩ ላውድ ላይ ይሆናል፣ ልጁ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር አንድ ጥያቄ ይሠራል፣ አስተማሪው እንዴት እንደሠራው ይጠይቃል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ የገባ ወላጅ በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ አያጣም።

ለክፍለ ከተማና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ያለን ጥያቄ ይህ ነው። በየክረምቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ እየመጡ ያስጠናሉ፤ ነገር ግን በየክፍሉ ተከፋፍለው መጽሐፍ ይዘው ነው የሚገቡት። ከሐምሌ በፊት ሦስት ቀን ይሠልጥኑ፤ አንዱ ቀን የወረቀት ገለጻ ሳይሆን ልጅ ፊት ቆመው የሚመዝኑበትና የሚያስነብቡበት ይሁን። የምዘና ሉሁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ቦታ ተዘጋጅቶ ይባዛ። በአሥር ቀን አንድ ጊዜ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ አምስት ልጅ በዘፈቀደ ይመዝን።

ወላጆችም ከመክፈላችሁ በፊት አስጠኚውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልጄን መጀመሪያ በምን ትመዝናለህ? ከእነማን ጋር ታስቀምጠዋለህ? ከአሥር ቀን በኋላ ምን ታሳየኛለህ? «የ5ኛን መጽሐፍ እስከ ምዕራፍ አራት» ካላችሁ ገንዘቡን ያዙ። «ሰኔ 30 ቃል ላይ ነበር፣ ዛሬ ይህን አንቀጽ በሁለት ስሕተት አነበበ» ብሎ ወረቀቱን የሚያሳያችሁን አስመዝግቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው የምናስተምር የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን
አዲስ አበባ